አፍንጫ በሌለበት የተገኙ 108 ሽታ ተቀባዮች፦ ከሰው ፕሮቲን ካርታ ሥራ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ቡና ሲቆላ ሽታው ከጓዳ ተነስቶ ሳሎን ድረስ ይመጣል። የምናውቀው አፍንጫችን ውስጥ፣ ከላይኛው ክፍል፣ ለዚሁ ሥራ የተመደቡ ፕሮቲኖች ስላሉን ነው። ሽታ ተቀባይ እንበላቸው። ሰው ውስጥ ወደ 400 የሚጠጉ ዓይነቶች አሉ። ዋና ቤታቸው አፍንጫ ነው። ጉበት ላይ ወይም ሐሞት ከረጢት ላይ በብዛት ይገኛሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም።

በፈረንጆቹ 2014 ግን ሁለት ትልልቅ የምርምር ቡድኖች የሰውን ፕሮቲን ካርታ ረቂቅ ይዘው ብቅ አሉ። አንዳቸውም የአፍንጫ ናሙና አልመረመሩም። ሆኖም "አገኘናቸው" ባሉት ዝርዝር ውስጥ የአንዱ 108፣ የሌላው 200 ሽታ ተቀባዮች ነበሩበት።

ጉዳዩን መጻፍ የፈለግሁት ማንንም ለማሳጣት አይደለም። ሁለቱም ቡድኖች በዘርፉ አሉ ከሚባሉት መካከል ናቸው፤ ሥራቸው ዛሬም ይጠቀሳል። የሰዎቹን ስም አላነሳም። ስህተቱ ግን ብዙ ዳታ ላይ ለሚሠራ ለማንም የሚተርፍ ነገር አለው።

ካርታው ለምን አስፈለገ

የሰው ጂኖም ረቂቅ በ2001 ታተመ። ከዚያ ወዲህ ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖቻችን ወደ 20,000 እንደሚሆኑ ይታወቃል። ነገር ግን የጂን ዝርዝር እንደ ቀበሌ መዝገብ ነው። ማን እንደተመዘገበ ይነግርሃል፤ ዛሬ ማን ቤት እንዳለ፣ ማን ሥራ እንደገባ፣ ማን ከነጭራሹ አገር እንደለቀቀ አይነግርህም። የዓይን ሕዋስና የጉበት ሕዋስ የያዙት መዝገብ አንድ ነው። የሚለያዩት ከመዝገቡ ውስጥ የትኞቹ ፕሮቲኖች ተሠርተው ሥራ ላይ እንዳሉ ነው።

አርኤንኤን፣ ማለትም ከጂኑ ተነስቶ ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያዘውን መልእክት፣ መለካት ይቻላል፤ ርካሽም ነው። ግን አርኤንኤ ስላለ ፕሮቲኑ በዚያው ልክ አለ ማለት አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ማንኳኳት ነበረበት።

የመጀመሪያው ቡድን መቀመጫው አሜሪካ ባልቲሞርና ሕንድ ባንጋሎር ነበር። ናሙናውን ራሱ አዘጋጅቶ ራሱ መረመረ። 17 የአዋቂ ሕብረ ሕዋሳት፣ 7 የፅንስ ሕብረ ሕዋሳት፣ 6 የደም ሕዋስ ዓይነቶች፤ በድምሩ 30። ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ ቆሽት፣ ሬቲና፣ ሕብለ ሰረሰር፣ የእንግዴ ልጅ ሳይቀር አለ። አፍንጫ የለም።

ሁለተኛው ቡድን ጀርመን ሙኒክ ነው። የእሱ መንገድ ሌላ ነው። ከሙከራዎቹ 60 በመቶ ያህሉ ሌሎች ሠርተው በይፋ ያስቀመጡት ነበር፤ ቀሪውን ራሱ ሠራ። በድምሩ 16,857 የማሽን ሩጫ። ይህን ሁሉ ለመያዝ ከኤስኤፒ ኩባንያ ጋር ሆኖ ፕሮቲዮሚክስዲቢ የተባለ ዳታቤዝ ገነባ።

ሁለቱም ሥራዎች ግንቦት 2014 ኔቸር መጽሔት ላይ በአንድ ቀን ወጡ። የመጀመሪያው የ17,294 ጂኖችን ፕሮቲን አገኘሁ አለ፤ ከጠቅላላው 84 በመቶ ግድም። ሁለተኛው 18,097 አለ፤ 92 በመቶ። ዜናው ተራገበ። በቃ፣ ሊያልቅ ነው ተባለ።

ማሽኑ የሚያየው ምንድን ነው?

ሁለቱም ቡድኖች የተጠቀሙበት ማሽን ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል። ብዙ ሰው ስሙን ሲሰማ ፕሮቲን የሚያሳይ ካሜራ ይመስለዋል። ሚዛን ነው። በጣም ስስ ሚዛን።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ከጉበት ቁራጭ ይወሰድና ይፈጫል፤ ፕሮቲኑ ይወጣል። ሙሉ ፕሮቲን ለዚህ ሥራ ስለሚያስቸግር ትሪፕሲን የሚባል ኢንዛይም ይጨመርበታል። እኛም አንጀት ውስጥ አለን፤ የበላነውን ሥጋ የሚቆራርጠው እሱ ነው። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ በሚባሉ ጡቦች ሰንሰለት የተሠራ ነው፤ ትሪፕሲን ላይሲን ወይም አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ካለበት ቀጥሎ ይቆርጣል። የሚወጡት ቁርጥራጮች ፔፕታይድ ይባላሉ።

ፔፕታይዶቹ በቀጭን ቱቦ ውስጥ እያለፉ በየተራ ይወጣሉ። በኤሌክትሪክ ኃይል እየተረጩ፣ ቻርጅ ይዘው፣ ማሽኑ ውስጥ ይገባሉ። ማሽኑ መጀመሪያ ሙሉውን ፔፕታይድ ይመዝናል። ቀጥሎ ከጋዝ ጋር አጋጭቶ ይሰባብረውና ስብርባሪዎቹን ይመዝናል። የስብርባሪዎቹ የክብደት ዝርዝር ስፔክትረም ይባላል። (በትክክል የሚለካው ክብደት ለቻርጅ ሲካፈል ነው። የሙያው ሰዎች ይቅር ይበሉኝ።)

የባልቲሞርና የባንጋሎር ቡድን ወደ 25 ሚሊዮን ስፔክትረም ሰበሰበ። ይህን በዓይን የሚያነብ ሰው የለም። ኮምፒውተር የታወቁ ፕሮቲኖችን ዝርዝር ይወስዳል፤ ልክ እንደ ትሪፕሲን በወረቀት ላይ ይቆራርጣቸዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢሰበር ምን ዓይነት ክብደቶች ይሰጣል ብሎ ያሰላል። ከዚያ ከማሽኑ የመጣውን ስፔክትረም በክብደቱ ከሚቀርቡት ቁራጮች ጋር እያስተያየ ነጥብ ይሰጣል። ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው መልስ ይሆናል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኮምፒውተሩ "ይሄን አላውቀውም" ብሎ የሚያፍር አይደለም። ስፔክትረሙ ቆሻሻ ቢሆንም፣ ትክክለኛው ፔፕታይድ ዝርዝሩ ውስጥ ባይኖርም፣ አንደኛ የሚወጣ ሁልጊዜ አለ።

ስለዚህ ነጥቡ ስንት ሲሆን እንመን? ለዚህ ብልህ ዘዴ አለ። ከእውነተኛው የፕሮቲን ዝርዝር ጎን የውሸት ዝርዝር ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ እውነተኛዎቹን ከኋላ ወደፊት በመገልበጥ ይሠራል። በተፈጥሮ የሌሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ስለዚህ ከውሸቱ ዝርዝር ጋር የገጠመ ስፔክትረም ሁሉ በአጋጣሚ የገጠመ ነው። በውሸቱ በኩል 100 አጋጣሚ ከታየ፣ በእውነተኛውም በኩል ወደ 100 የሚጠጋ አጋጣሚ ተደብቋል ማለት ነው። ከዚያ የስህተቱ ድርሻ 1 በመቶ እስኪሆን ድረስ መቁረጫ ነጥቡን ከፍ ማድረግ ነው። ሁሉም ላቦራቶሪ የሚሠራው እንዲህ ነው። ዘዴውም ጥሩ ዘዴ ነው።

ጥያቄው 1 በመቶው የምን 1 በመቶ ነው የሚለው ነው።

ሁለት ገጽ ደብዳቤ

በዚያው ክረምት ከማድሪድ የመጣ አንድ ቡድን ጆርናል ኦቭ ፕሮቲዮም ሪሰርች ላይ አጭር ደብዳቤ አወጣ። ሁለት ገጽ ናት። አዲስ ሙከራ አልሠሩም፤ አዲስ ማሽን አልገዙም። አንድ ቀላል ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። እዚህ ናሙና ውስጥ መኖር የማይገባው ፕሮቲን የቱ ነው?

መልሱ ሽታ ተቀባይ ነው። ለምን እሱ ተመረጠ? የሚሠራው በአፍንጫ ውስጥ ያለ ጠባብ ቦታ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን መጠኑ ትንሽ ነው። የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ እየበሳ የሚያልፍ ስለሆነ አሟሙቶ ለማውጣት እንኳ አስቸጋሪ ነው። አፍንጫ ራሱ ቢመረመር ብዙዎቹን ማግኘት ቀላል አይሆንም። እንግዲህ ያለ አፍንጫ በመቶ የሚቆጠሩ ሽታ ተቀባዮች ከተገኙ፣ የተገኙት ሽታ ተቀባዮች ሳይሆኑ ስህተቶች ናቸው።

እንዲህ ሲባል ጥቂቶቹ ሌላ ቦታ አይገኙም ማለት አይደለም። ለምሳሌ በወንድ ዘር ሕዋስ ላይ ስለሚሠሩ ሽታ ተቀባዮች የታወቀ ጥናት አለ። የመጀመሪያው ቡድን ናሙና ውስጥም የወንድ የዘር ፍሬ ነበረበት። ያ ግን ጥቂቶቹን ቢያብራራ ነው። 108 አያብራራም። 200ማ ጭራሽ።

እኔ በናፕኪን ጀርባ የምሠራት ሒሳብ ደግሞ ይህች ናት። ከ400ዎቹ 108 ማለት ከአራት አንዱ በላይ ነው። 200 ማለት ግማሽ ነው። ሽታ ተቀባዮች በናሙናው ውስጥ የሌሉ ፕሮቲኖች ሁሉ ወኪል ናቸው ብንል፣ ከሌሉት ፕሮቲኖች ሩቡ ወይም ግማሹ "አለ" ተብሎ ሊጻፍ ይችላል ማለት ነው። ግምት ናት፤ ግን ወደ 90 በመቶ ደርሰናል የሚለውን ዜና ለማቀዝቀዝ ትበቃለች።

ስህተቱ በየት በኩል ገባ?

ይህን ለማስረዳት ሁልጊዜ የምጠቀምባት ምሳሌ የሰርግ ጥሪ ካርድ ናት።

አንድ ሰፈር ውስጥ 1,000 ቤቶች አሉ። የተጠራው 600 ቤት ነው። ካርድ የሚያድሉት ልጆች እርስ በርስ ስለማይነጋገሩ አንዱ ያደረሰውን ሌላው እየደገመ፣ በአማካይ አንድ የተጠራ ቤት 100 ካርድ ይደርሰዋል። በጠቅላላው 60,000 ካርድ ታደለ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ የሚሳሳቱት 1 በመቶ ብቻ ነው። 600 ካርድ በስህተት ያገኙት ቤት ውስጥ ተጣለ።

አሁን ካርድ የደረሰውን ቤት ሁሉ "ተጠርቷል" ብለህ መዝግብ። ትክክለኞቹ ካርዶች እነዚያው 600 ቤቶች ላይ ተከምረዋል። የተሳሳቱት ግን በየሰፈሩ ተበትነዋል። ካልተጠሩት 400 ቤቶች ወደ 180 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ካርድ ደርሷቸዋል። መዝገብህ 780 ይላል። ከእነሱ 180ው ያልተጠሩ ናቸው፤ 23 በመቶ። ካርድ ላይ 1 በመቶ የነበረው ስህተት ቤት ላይ ሲደርስ 23 በመቶ ሆነ።

የባሰው ደግሞ ልጆቹ ሌላ ዙር ቢያድሉ ነው። የተጠሩት ቤቶች አይጨምሩም፤ ሁሉም ቀድሞ ደርሷቸዋል። ያልተጠሩት ግን ወደ 280 ከፍ ይላሉ። ዳታ በጨመርክ ቁጥር መዝገቡ ይበልጥ ይበላሻል። ይሄ ነገር መጀመሪያ ሲነገር ለብዙ ሰው አይዋጥለትም፤ እኔም መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። ብዙ ዳታ ጥሩ ነው ተብለን ነው ያደግነው።

ካርዱ ስፔክትረም፣ ቤቱ ፕሮቲን ነው። የመጀመሪያው ቡድን ወደ 293,000 የተለያዩ ፔፕታይዶችን ዘርዝሯል። ከዚህ ውስጥ 1 በመቶው ብቻ ስህተት ነው ብንል እንኳ ወደ 2,930 የተሳሳቱ ፔፕታይዶች ይኖራሉ። እነሱ ደግሞ አንድ ቦታ አይሰበሰቡም። ዛሬ አንዱን ሽታ ተቀባይ፣ ነገ ሌላውን ያንኳኳሉ። ሁለቱም ቡድኖች 1 በመቶውን የተቆጣጠሩት በዋናነት ከታች፣ በስፔክትረምና በፔፕታይድ ደረጃ ነው። በፕሮቲን ደረጃ የተለመደውን ማጣሪያ አላደረጉም። ሙኒኮች ችግሩ ጠፍቷቸው አልነበረም። በዚህ ስፋት የተለመደው የፕሮቲን ማጣሪያ እውነተኞቹንም አብሮ ይጥላል፣ ስህተቱን ከልክ በላይ አጋንኖ ያሳያል ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ባዶ አልነበረም። መፍትሔው ግን ማጣሪያውን መተው አልነበረም።

ሌላው መንገድ ደግሞ የሚዛን ጉዳይ ነው። ላይ ካልኩት ጋር አያይዛችሁ እዩት፤ ማሽኑ የሚያውቀው ክብደት ብቻ ነው።

ሉሲንና አይሶሉሲን የሚባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች አሉ። ክብደታቸው ፍጹም አንድ ነው፤ 113.084 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው)። ለሚዛኑ መንታ ናቸው። ሁለት ግላይሲን ሲደመር ደግሞ ልክ አንድ አስፓራጂን ነው፤ 114.043። አንድ ግላይሲንና አንድ አላኒን ሲደመር አንድ ግሉታሚን። አስፓራጂን እዚያው ቱቦው ውስጥ ተቀምጦ እያለ በኬሚካዊ ለውጥ 0.984 ዳልተን ይጨምርና አስፓርቲክ አሲድ ይሆናል።

እንግዲህ በናሙናው ውስጥ በብዛት ያለ አንድ ተራ ፕሮቲን አስቡ። ሄሞግሎቢን ይሁን፣ አክቲን ይሁን። ከእሱ የወጣ አንድ ፔፕታይድ ትንሽ ለውጥ ደረሰበት። ኮምፒውተሩ የተለወጠውን ዓይነት ዝርዝሩ ውስጥ አያገኘውም። ፈልግ ተብሏልና ይፈልጋል። አንድ ሽታ ተቀባይ ውስጥ በክብደት የሚመሳሰል 7 አሚኖ አሲድ ያላት ቁራጭ ያገኛል። ነጥቡም ክፉ አይደለም። በቃ፣ ሽታ ተቀባይ ጉበት ውስጥ ተገኘ።

አጭር ፔፕታይድ ለዚህ በጣም የተጋለጠ ነው። ጥቂት ፊደል ያላት ስም ብዙ ሰው ሊጠራባት እንደሚችለው ማለት ነው። አበበ የሚባል ሰው ፈልግ ብትባል ስንቱን ታገኛለህ? ከነአባቱ ከነአያቱ ሲነገርህ ነው የሚለየው።

ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ?

የመጀመሪያው እርምጃ ክርክር ነበር፤ ረዘም ያለ። እሱን አልፈዋለሁ።

በ2015 የሙኒክ ቡድን ከሃይደልበርግ ባልደረቦች ጋር ሆኖ የተሻለ ማጣሪያ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እኔ በጣም ነው የምወደው። እያንዳንዱ እውነተኛ ፕሮቲን ከራሱ ግልባጭ፣ ማለትም ከኋላ ወደፊት ከተገለበጠው የውሸት ፕሮቲን ጋር ይጣመራል። ሁለቱ ይፎካከራሉ። ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘው ብቻ ይቀራል፤ ሌላው ይጣላል። በናሙናው ውስጥ በእርግጥ ያለ ፕሮቲን ግልባጩን በቀላሉ ያሸንፋል። የሌለ ፕሮቲን ግን ከግልባጩ ጋር እኩል ዕድል አለው፤ ሳንቲም እንደመወርወር ነው። ስለዚህ ስንት ግልባጭ እንዳሸነፈ ቆጥረህ ስንት የሌሉ ፕሮቲኖች ሾልከው እንደገቡ ትገምታለህ። ዳታው የፈለገውን ያህል ቢሰፋ ግምቱ አይናጋም። በዚህ መንገድ ሲታይ ዝርዝሩ በሺዎች ቀነሰ። ይህን ያደረጉት የመጀመሪያውን ቁጥር ያወጡት ሰዎች ራሳቸው መሆናቸው መጻፍ አለበት።

በ2016 የሰው ፕሮቲዮም ፕሮጀክት (ፕሮቲዮም ማለት የፕሮቲኖች ጠቅላላ ስብስብ ነው) ጥብቅ መመሪያ አወጣ። ይህ ፕሮጀክት በ2010 የተጀመረ ዓለም አቀፍ ሥራ ነው። በመመሪያው መሠረት፣ ከዚህ በፊት ያልታየ ፕሮቲን አገኘሁ የሚል ሰው ቢያንስ ሁለት ፔፕታይድ ማቅረብ አለበት። እያንዳንዱ 9 ወይም ከዚያ በላይ አሚኖ አሲድ ይኑረው። አንዱ በሌላው ውስጥ የተዋጠ አይሁን። ሌላ ፕሮቲን ላይ የማይገኝ ይሁን። የአንድ አሚኖ አሲድ ልዩነትና የኬሚካል ለውጥ ታስቦ ሌላ ማብራሪያ እንደሌለ ይታይ። ስፔክትረሙም ይቅረብ፤ ሰው በዓይኑ ይየው።

በ2019 ሙኒኮች እንደገና መጡ። አሁን ከየቦታው የተለቀመ ዳታ ሳይሆን 29 ጤነኛ ሕብረ ሕዋሳትን ራሳቸው መረመሩ፤ ፕሮቲኑንም አርኤንኤውንም ከአንድ ናሙና። 18,072 ጂኖች አርኤንኤ ታየላቸው። ፕሮቲን የታየላቸው ግን 13,640 ናቸው። ከአምስት ዓመት በፊት 18,097 ብሎ ለነበረ ቡድን ቁጥሩ ቀነሰ። ካርታው ግን የበለጠ የሚታመን ሆነ። እግረ መንገድም አርኤንኤ በብዛት እያላቸው ፕሮቲናቸው ያልታየ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች መኖራቸው ታየ፤ በተለይ በወንድ የዘር ፍሬ ውስጥ።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ በላይ የሠራው ጥሬ ዳታው ክፍት መሆኑ ነው። የባልቲሞርና የባንጋሎሩ ዳታ እንግሊዝ አገር ካለው ፕራይድ ከተባለ ማኅደር ላይ ተቀምጧል። የሙኒኩ በራሱ ዳታቤዝ ይታያል። የማድሪድ ሰዎች ደብዳቤያቸውን መጻፍ የቻሉት ዝርዝሩም ስፔክትረሙም ስለተከፈተላቸው ነው። ዳታው ተደብቆ ቢሆን ኖሮ 84 እና 92 በመቶ የሚሉት ቁጥሮች ዛሬም መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነበሩ። ስህተቱን ያጋለጠውም ያስተካከለውም አንድ በር ነው።

በብዛት ያሉት ፕሮቲኖች ካርታም ሠርቷል። በሁሉም ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ያሉት፣ የሕዋሱን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚሠሩት፣ ሺህ ጊዜ የታዩ ናቸው። እነሱ ላይ ጥርጥር የለም። ችግሩ ያለው ጠርዝ ላይ ነው፤ በአንዲት ፔፕታይድ፣ በአንዲት ስፔክትረም ተደግፈው የቆሙት ላይ። ደግሞ ዜና የሚሆኑት እነሱ ናቸው።

ያልሠራው አንደኛ ቁጥሩን ዋና ማድረግ ነው። የተገኙት ፕሮቲኖች ድርሻ ከፍ እንዲል ሲፈለግ ማጣሪያው መላላቱ አይቀርም። ማንም ተንኮል አላሰበም። ግን ሁለት ቡድን በአንድ መጽሔት በአንድ ቀን "ስንት ደረሳችሁ?" ሲባል ሚዛኑ ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው ዝርዝሩን አላነበበውም። ይሄ ይገርመኛል። 17,294 ስም ረጅም ነው፤ ይገባኛል። ግን የሽታ ተቀባይ ጂኖች ስም በላቲን ኦ እና አር ፊደላት ነው የሚጀምረው። በፊደል ተራ ደርድሮ ገጹን ወደታች መሳብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ለሌላ ሥራ ምን ይተርፋል?

በዳታ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የምወስደው የመጀመሪያው ነገር "መኖር የሌለበት" ዝርዝር ማዘጋጀት ነው፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት። የደም ናሙና ከሆነ የሬቲና ፕሮቲን። የሴት ናሙና ብቻ ከሆነ ከዋይ ክሮሞዞም ብቻ የሚመጣ ፕሮቲን። የምርጫ መዝገብ ከሆነ የሞቱ ሰዎች። የስታትስቲክስ ማጣሪያ ራሱ ያሰበውን ስህተት ብቻ ነው የሚይዘው። የተገለበጠው የውሸት ዝርዝር በአጋጣሚ የሚመጣውን ስህተት ይይዛል፤ በተለወጠ ሄሞግሎቢን የሚመጣውን ግን ብዙ ጊዜ አይዝም። ምክንያቱም እሱ ንጹሕ አጋጣሚ አይደለም፤ እውነተኛ ፔፕታይድ ሆኖ ስሙ ነው የተሳሳተው። ይህን የሚይዘው ባዮሎጂውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሁለተኛው፣ ስህተቱን መልስ በምትሰጥበት ደረጃ ለካ። የምታወራው ስለ ቤት ከሆነ የካርዱን ስህተት አትንገረኝ። ይሄ ከላቦራቶሪ ውጭም ይሠራል። የላኪዎች ስህተት 1 በመቶ ነው የሚል መሥሪያ ቤት የተቀባዮች ስህተት ስንት እንደሆነ አስልቶ ላያውቅ ይችላል።

እኛን በቀጥታ የሚነካ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ኮምፒውተሩ የሚፈልግበት የፕሮቲን ዝርዝር የተሠራው ከማጣቀሻ ጂኖም፣ ማለትም ለማወዳደሪያ ከተቀመጠው የሰው ጂኖች ዝርዝር ነው። የአፍሪካ ሕዝቦች ደግሞ ከሌላው ዓለም የበለጠ የጂን ልዩነት አላቸው። አንድ ሰው የያዘው ፕሮቲን ከማጣቀሻው በአንድ አሚኖ አሲድ ቢለይ ያ ፔፕታይድ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ወይ ይጠፋል፤ ወይ በሌላ ስም ይጠራል። እንደ ሽታ ተቀባዮቹ። ስለዚህ ከኢትዮጵያ በተወሰደ ናሙና ላይ የሚሠራ ሰው ልዩነቶቹን ዝርዝሩ ውስጥ ሳይጨምር "አዲስ ፕሮቲን አገኘሁ" ከማለቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስብ።

ማሽኑ የሌለበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ተማሪም ቢሆን ከዚህ ሥራ ውጭ አይደለም። የ2014ቱ ዳታ ዛሬም በነጻ ይወርዳል። መፈለጊያ ሶፍትዌሮቹም፣ ለምሳሌ ማክስኳንት፣ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የሚያስፈልገው ጥሩ ኮምፒውተርና ኢንተርኔቱ የማይቋረጥበት ሌሊት ነው። ያ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል፤ አውቃለሁ። ማድሪዶችም ግን የሠሩት የሌላ ሰው ዳታ ይዘው ነው።

ሽታ ተቀባዮቹ አሁን የት ናቸው?

በ2020 የሰው ፕሮቲዮም ፕሮጀክት አሥረኛ ዓመቱን ሲይዝ በጥብቁ መመሪያ የተጣራውን ቁጥር አወጣ። ከ19,773 ፕሮቲኖች 17,874ቱ ማስረጃቸው ተረጋግጧል፤ 90.4 በመቶ። ቁጥሩ በ2014 ከተባለው ብዙም አይርቅም። ለዚህ ግን ስድስት ዓመት፣ ብዙ ላቦራቶሪዎች፣ ብዙ ዓይነት ዘዴዎች ፈጅቷል። እያንዳንዱ ስም ተጠይቆ ነው የገባው።

በዚያ ዓመት ያልተገኙት 1,899 ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ ትልቁ ቤተሰብ የሽታ ተቀባዮቹ ነው። አብዛኞቹ ዝርዝሩ ላይ "ጠፍተዋል" ከሚለው ሥር ተቀምጠዋል። ከአፍንጫ የላይኛው ክፍል የሚወሰደው ናሙና ትንሽ ነው፤ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው፤ ሽፋን ውስጥ የተቀበረ ነው። ጀበናው ተጥዶ ሽታው ቤቱን ሲሞላው ሥራ ላይ እንዳሉ እናውቃለን። ማሽኑ ግን ብዙዎቹን ገና አልመዘናቸውም።